የኢትዮጵያ ቀይ ወይን ጠጅ፦ ከመርቲ እስከ ዝዋይ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ግሮሰሪ ገብቶ የአገር ውስጥ ቀይ ወይን የሚጠይቅ ሰው የሚጠሩለት ስሞች ብዙ አይደሉም። ጉደር፣ አክሱሚት፣ አኬሽያ፣ ሪፍት ቫሊ። ሌሎችም አሉ፤ በብዛት የሚታወቁት ግን እነዚህ ናቸው። ከውጭ ከሚገባው ወይን ጋር ሲነጻጸሩ ዋጋቸው ይቀላል። ለበዓል፣ ለሠርግና ለልደት የሚገዙትም በአብዛኛው እነሱ ናቸው።

በጣዕም ግን በጣም ይለያያሉ። የልዩነቱ አንዱ ምንጭ የጠማቂው ምርጫ ነው፤ ስኳሩ ወይኑ ውስጥ ይቆይ ወይስ ይጥፋ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ሌላው ምንጭ ወይኑ የበቀለበት ቦታ ነው። ከፍታው፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ፣ አፈሩና ዝናቡ ሁሉ ብርጭቆው ውስጥ ይደርሳሉ። ስለ አገራችን ወይን ሲወራ ይህ ሁለተኛው ነገር ብዙም አይነሳም። እዚህ ሰፋ አድርገን የምናየው እሱን ነው። ዓመታቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከጥንት እስከ ፋብሪካ

ወይን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ፣ ከጣሊያንና ከሎዶቅያ ጥቂት ወይን ጠጅ ወደ አዱሊስ ይገባ እንደነበር መዝግቧል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ዘቢብ በውኃ ዘፍዝፋ ትጨምቃለች፤ ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያሉት ኢፋግና ቃሮዳ ደግሞ በወይን ተክላቸው በቀድሞ መንገደኞች ማስታወሻ ውስጥ ይነሳሉ። ቤት ውስጥና በግብር ላይ ዋናው መጠጥ ግን ሁልጊዜም ጠጅ ነበር።

የፋብሪካ ወይን ታሪክ የሚጀምረው ከአዋሽ ወይን ጠጅ ጋር ነው። ድርጅቱ ታሪኩን የሚቆጥረው ከ1940ዎቹ ጀምሮ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የልደታና የመካኒሳ ሰዎች የፋብሪካውን ስም ከሰፈራቸው ጋር አያይዘው ያውቁታል። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ወደ መንግሥት ዞረ፤ ለአሥርት ዓመታትም በመንግሥት እጅ ቆየ።

በ2013 ወደ ግል ሲዛወር ከገዢዎቹ አንዱ 8 ማይልስ የተባለ የኢንቨስትመንት ፈንድ ነበር። የፈንዱ ሊቀመንበር አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ነበር። ሰውየውን ብዙዎቻችን የምናውቀው በ1984ቱ ረሃብ ጊዜ ባደረገው የእርዳታ ዘመቻ ነው። ስሙ ከረሃባችን ጋር ተያይዞ የኖረ ሰው ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ባለድርሻ መሆኑ፣ ለዚህች አገር ወዳጆች ደስ የሚል ዜና ነበር።

ጉደርና አክሱሚት

የአዋሽ ሁለቱ የታወቁ ቀይ ወይኖች ጉደርና አክሱሚት ናቸው። ጉደር ስኳር የሌለው ደረቅ ወይን ነው። አክሱሚት ጣፋጭ ነው። በብዙ ቤት ወይን የማይጠጡ አክስቶችና እናቶች በበዓል ቀን አንድ ብርጭቆ የሚቀምሱት አክሱሚትን ነው።

ጉደር ስሙን የወሰደው ከአምቦ በስተምዕራብ ካለችው የጉደር ከተማ ነው። ጉደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ክረምቷ ዝናባም የሆነ ደጋማ ቦታ ናት። የአዋሽ ዋና የወይን እርሻ ያለው ግን ከዚያ ርቆ፣ በአርሲ መርቲ ጀጁ፣ በአዋሽ ወንዝ አካባቢ ነው።

በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው የአየር ልዩነት ትልቅ ነው። መርቲ ቆላማ ነው፤ ፀሐዩ ይበረታል፤ ተክሉ የሚጠጣው የአዋሽን ውኃ በመስኖ ነው። ይህ አንድ ጥቅም አለው። ወይን እርጥበት ሲበዛበት ሻጋታና የቅጠል በሽታ ያጠቃዋል። ደረቅ አየር ባለበት፣ ውኃውም በሰው እጅ በሚመጠንበት ቦታ ግን ዘለላው ንጹሕ ሆኖ ይደርሳል።

ሙቀቱ ደግሞ ጣዕሙን ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋዋል። ፍሬው በፍጥነት ይበስላል። ስኳሩ ቶሎ ይወጣል፤ ኮምጣጣነቱ በዚያው ፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ ከሞቃት ቦታ የሚመጣ ቀይ ወይን ብዙ ጊዜ ለስላሳ፣ ክብ ያለ፣ የበሰለ ፍሬ ጣዕም የሚያመዝንበት ይሆናል። ከዚህ ዓይነት ፍሬ ጥሩ ጣፋጭ ወይን መሥራት ይቀላል። አክሱሚት ለረጅም ጊዜ የሕዝብ ወዳጅ ሆኖ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ የጠማቂው ምርጫና የአካባቢው ጠባይ ተስማምተዋል። ጉደርን ደረቅ አድርጎ መሥራት ከዚህ ይከብዳል። ስኳሩ ጠፍቶ ኮምጣጣነቱም ዝቅ ካለ፣ ወይኑን አፍ ውስጥ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ታኒኑ፣ ማለትም ከልጣጩ የሚመጣው አፍን የሚያደርቅ ነገር፣ ብቻ ይሆናል። ጉደር ይህን ፈተና ለትውልዶች ተሸክሞ በየጠረጴዛው መቆየቱ ሊመሰገን ይገባል።

ዝዋይ

ስለ ዝዋይ ወይን በብዛት ተጽፏል፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር በቅርብ ጊዜ፣ በጋዜጠኞች ፊት የሆነ ነው። ካስቴል የፈረንሳይ የመጠጥ ኩባንያ ነው። ከ1998 ጀምሮ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት ሆኖ በአገራችን ቆይቷል። ወደ ወይን የገባው በጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጥያቄ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ከተማ አጠገብ መሬት ተሰጠው። ከ2007 ጀምሮ ባሉት ዓመታት በወይኗ ከታወቀችው የፈረንሳይ አካባቢ ከቦርዶ የመጡ የወይን ችግኞች ተተከሉ። እርሻው 120 ሄክታር ገደማ ሸፈነ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ2014 ገበያ ላይ ሲውሉ የፋብሪካው ምርት 1.2 ሚሊዮን ጠርሙስ አካባቢ ነበር። ከዚያ ግማሹን ያህል ወደ ውጭ ለመላክ ታስቦ ነበር፤ በተለይ ኢትዮጵያውያን በብዛት ወደሚኖሩባቸውና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ወዳሉባቸው አገሮች።

በእርሻው ዙሪያ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆፍሯል። ጉማሬና ጅብ እንዳይገቡ ነው። ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ጉማሬው እውነተኛ ስጋት ነው፤ ቦርዶ ያለ ገበሬ የማያውቀው ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቦታው ጠባይ እንግባ። በዓለም ላይ የታወቁት የወይን አገሮች በአብዛኛው ከምድር ወገብ በ30 እና በ50 ዲግሪ መካከል ይገኛሉ። ቦርዶ በሰሜን 45ኛው ዲግሪ አካባቢ ናት። ዝዋይ ወደ 8 ዲግሪ ላይ ናት። በዚህ ሒሳብ ወይን ሊሆንላት ባልተገባ ነበር። የሚያድናት ከፍታዋ ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። በየ100 ሜትሩ ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ዝዋይ በዚያው መስመር ላይ ካለ የባሕር ዳርቻ በ10 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች። በበጋ ቀኑ ፀሐያማ ነው፤ ሌሊቱ ግን ጋቢ ያስለብሳል።

ይህ የቀንና የሌሊት ልዩነት ለወይን ትልቅ ነገር ነው። ቀን ፀሐዩ ስኳሩንና የልጣጩን ቀለም ይሠራል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ተክሉ እንደ ማረፍ ይላል፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ኮምጣጣነትም ሳይቃጠል ይቆያል። ውጤቱ የበሰለም፣ ምላስን የሚያነቃም ወይን ነው። የዝዋይን ወይን ከመርቲው የሚለየው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ሁለተኛው የቦታው ጠባይ ክረምት በአውሮፓው ትርጉም አለመኖሩ ነው። ቦርዶ ውስጥ ብርዱ ሲገባ የወይን ተክል ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ዝዋይ ላይ የሚያስተኛው ብርድ የለም። ተክሉ መቼ እንደሚያብብ የሚወስነው የገበሬው መቀስና የመስኖው ውኃ ነው። ከተገረዘበት ቀን ጀምሮ ዑደቱ ይቆጠራል። በዚህ መንገድ በዓመት ሁለት ምርት ማውጣት ይቻላል። ለጥራት ሲባል ግን ፍሬው የሚበስልበት ጊዜ ከሐምሌና ነሐሴ ዝናብ መሸሽ አለበት። በዝናብ የበሰለ ወይን ውኃ ይቋጥራል፤ ጣዕሙ ይሳሳል፤ ዘለላውም ይበሰብሳል።

ሦስተኛው አፈሩ ነው። የዝዋይ አካባቢ አፈር አሸዋማ ነው፤ ውኃ አይዝም። ለበቆሎ ይህ ጉድለት ነው፤ ለወይን ግን በጎ ነው። ሥሩ ውኃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። ቅጠሉ ከልክ በላይ አይንዠረገግም። ፍሬው ትንሽ ሆኖ ይቀራል፤ ትንሽ ፍሬ ደግሞ ከጭማቂው አንጻር ሲታይ ልጣጩ ይበዛል። የቀይ ወይን ቀለም፣ ሽታና ታኒን በአብዛኛው ያለው ልጣጩ ላይ ነው።

ከዚህ እርሻ ሁለት መስመር ይወጣል። ሪፍት ቫሊ በወይን ዝርያው ስም የሚሸጠው ነው፦ ከቀዮቹ ሜርሎ፣ ሲራና ካቤርኔ ሶቪኞ፣ ከነጩ ሻርዶኔ። አኬሽያ ከዝርያዎች ድብልቅ የሚሠራና ዋጋው ዝቅ የሚል ነው፤ ደረቅም፣ መጠነኛ ጣፋጭም አለው። ለጀማሪ አኬሽያ ጥሩ በር ነው። ቦታው የሰጠውን ጣዕም ለይቶ ማወቅ የሚፈልግ ግን ትንሽ ጨምሮ ሪፍት ቫሊን ቢገዛ ይሻላል።

አቀማመስ

ልዩነቱን ለማወቅ የተለየ ችሎታ አያስፈልግም። ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን መክፈት ይበቃል። ጉደርንና የሪፍት ቫሊ ሲራን፣ ወይም ሜርሎንና ካቤርኔን። ወዳጆች ተሰብስበው ወጪውን ቢካፈሉ የአንዱ ድርሻ ትንሽ ነው። ከደረቁ ጀምሮ ወደ ጣፋጩ መሄድ ነው፤ አክሱሚት ከቀደመ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ጎምዛዛ ይመስላል።

መጀመሪያ ማሽተት። ቀጥሎ አንድ ጉንጭ ይዞ አፍ ውስጥ ማንከባለል። ከምላስ ጎንና ጎን ምራቅ ከመጣ ኮምጣጣነት አለ፤ ይህ የቀዝቃዛ ሌሊት ምልክት ነው። ድድና ምላስን የሚያደርቀው ደግሞ ታኒን ነው፤ ብዙ የቆየ ብርቱ ሻይ አፍን እንደሚይዘው። ካቤርኔ በዚህ ይበረታል። ሜርሎ ለስላሳ ነው። ሲራ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ሽታ ሊኖረው ይችላል። ከዋጡት በኋላ ጉሮሮን የሚያሞቀው አልኮሉ ነው፤ ፀሐይ የበዛበት ፍሬ ስኳሩ ብዙ ስለሆነ አልኮሉም ከፍ ሊል ይችላል።

ቀይ ወይንን በኮካ፣ በስፕራይት ወይም በአምቦ ውኃ መቀላቀል በከተማ የተለመደ ነው። ሰው የወደደውን ይጠጣ። ነገር ግን የለስላሳው ስኳር ቀድሞ የሚሸፍነው ይህንኑ ከቦታው የመጣውን ጣዕም ነው። ቢያንስ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሳይቀላቅሉ መቅመስ ለገበሬው ድካምም ክብር ነው።

ምግቡም ጣዕሙን ይለውጠዋል። በርበሬና ታኒን አይዋደዱም። ካቤርኔን ከዶሮ ወጥ ጋር የጠጣ ሰው ወይኑ መራራ፣ ወጡም ይበልጥ የሚያቃጥል ሆኖ ያገኘዋል። ለዶሮ ወጥ አክሱሚት ወይም ጣፈጥ ያለው አኬሽያ የተሻለ ነው፤ ስኳሩ የበርበሬውን ቃጠሎ ያበርዳል። የውጭ የወይን መጻሕፍት ጣፋጭ ቀይን ዝቅ አድርገው ያዩታል፤ ከእኛ ገበታ ጋር ግን ትክክለኛ ቦታ አለው። ደረቁ ጉደርና ሲራው ለጥብስ፣ በተለይ ሚጥሚጣው ከጎን ለሚቀርብ ለጎረድ ጎረድ ይስማማሉ። ሥጋውና ቅቤው የታኒኑን ጠርዝ ያለዝባሉ።

አገዛዝና አያያዝ

ርካሽ ወይን በጣዕም የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ነው። የሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ የዝዋይም ይሁን የመርቲ ጣዕሙን ያጣል። ስለዚህ ዕቃ ቶሎ ቶሎ ከሚያልቅበት ሱቅ፣ ከጨለም ያለው መደርደሪያ መግዛት ነው። ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱን አጋድሞ ማስቀመጥ ይመከራል። አዲስ አበባ ላይ የቤቱ አየር ለቀይ ወይን ብዙ ጊዜ ተስማሚ ነው። አዳማና ድሬዳዋ ላይ ግን ከመክፈት በፊት 20 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ይጠቅማል፤ ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ ነው የሚሸተው። የተከፈተ ጠርሙስ ቡሹ ተመልሶ ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ጣፋጩ ላይ ለውጡ ቶሎ አይታወቅም፤ ደረቁ ላይ ግን በሁለተኛው ቀን ይታወቃል።