ለታገዱ ተማሪዎች የሚዘጋጅ የቀን ፕሮግራም ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ አንድ ተማሪ ተደባድቦ ወይም ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ይዞ ተገኝቶ ሲታገድ፣ እገዳው እስኪያበቃ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቤቱን ግቢ መርገጥ አይችልም። ወላጆቹ ሥራ ይውላሉ፤ እሱ ቤት ከስልኩ ጋር ይውላል፣ ወይም ይወጣል። የቀን ፕሮግራም ለዚህ ጊዜ የሚዘጋጅ ነው። በማኅበረሰብ ማእከል ወይም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በትምህርት ሰዓት፣ የታገዱና ለመታገድ የተቃረቡ ልጆች በአዋቂ ክትትል የትምህርት ቤታቸውን ሥራ ይሠራሉ፣ ለመመለስም ይዘጋጃሉ። ከአማራጭ ትምህርት ቤት የሚለየው ልጁ በነበረበት ትምህርት ቤት ተመዝግቦ ስለሚቆይ ነው፤ ማርኩን የሚሰጡት የራሱ መምህራን ናቸው። ስለዚህ የፕሮግራሙ አስተባባሪ ዋና ሥራ ያለው ከትምህርት ቤቱ ጋር ባለው ግንኙነት ላይ ነው። ክፍሉን መክፈትና ምሳ ማቅረብ ቀላሉ ክፍል ነው።

ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ የሚኖርባትን ሜሪላንድን እንውሰድ። እዚያ እስከ 3 የትምህርት ቀን የሚደርሰው አጭር እገዳ ነው፤ ከ4 እስከ 10 ረጅም፣ ከ11 እስከ 45 የተራዘመ ይባላል። ከዚያ የሚበልጠው መባረር ነው። አማራጭ ፕሮግራም ውስጥ ያልገባ የታገደ ተማሪ ከየመምህሩ የየዕለት ሥራ ማግኘት አለበት፤ ሥራው በየሳምንቱ ታርሞ ይመለስለታል። ርእሰ መምህሩም በመምህራኑና በልጁ መካከል የሚሆን አገናኝ ሠራተኛ የመመደብ ግዴታ አለበት። አስተባባሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው የዚህን ሰው ስምና ቀጥታ ስልክ ነው። ለስድስትና ሰባት መምህራን በየተራ ኢሜይል መላክ የእገዳውን ግማሽ ይበላል።

ልጁ ሲመዘገብ አራት ነገር በእጅ መኖር አለበት፦ የእገዳው ደብዳቤ፣ ወላጅ የፈረመበት የመረጃ ፈቃድ፣ የድንገተኛ ጊዜ ስልኮች፣ የሚወስደው መድኃኒትና አለርጂው። ፈቃዱ ካልተፈረመ ትምህርት ቤቱ የልጁን መረጃ ለውጭ ፕሮግራም አይሰጥም፤ እ.ኤ.አ. የ1974ቱ የተማሪ መረጃ ሕግ ይከለክለዋል። ደብዳቤ የለም ከተባለ ግን ነገሩ ከወረቀት ጉድለት ያለፈ ነው። ወላጅ ተደውሎለት «መጥተህ ውሰደው፣ ሰኞ ይመለስ» ተብሎ ከሆነ ያም እገዳ ነውና በጽሑፍ ይጠየቅ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 እንደወሰነው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪን እስከ 10 ቀን ለማገድ እንኳ የተከሰሰበት ነገር ሊነገረውና የራሱን ቃል ሊሰጥ ይገባል።

የመጀመሪያው ቀን ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ሥራው አልደረሰም፣ ክሮምቡኩም (የትምህርት ቤት ላፕቶፑ) ትምህርት ቤት ባለው ሣጥኑ (ሎከር) ውስጥ ቀርቷል። በዚህ ቀን ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ልጅ በማግሥቱ አይመጣም። ስለዚህ ፕሮግራሙ የራሱ የሒሳብና የንባብ ወረቀት በየክፍል ደረጃው አዘጋጅቶ ይጠብቅ፤ ለአገናኙ ሠራተኛ ጥያቄው ከቀትር በፊት ይላክ፤ ኮምፒውተሩን ወላጅ ከቢሮ ይቀበል። ጠዋት አእምሮ ንቁ ስለሆነ የትምህርት ሥራው በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ከ9፡00 እስከ 11፡30 በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይደረግ። ከሰዓት ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ከካውንስለር (አማካሪ) ወይም ከሶሻል ወርከር (ማኅበራዊ ሠራተኛ) ጋር ለብቻው 20 ደቂቃ ይነጋገር። ልጁ 9፡15 ካልደረሰ ለወላጅ ይደወል፤ ከሰዓት የሚደረግ ጥሪ ለምንም አይሆንም።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ቡድን አሰባሰብ ላይ ይሠራል። ችግር ያለባቸውን ልጆች አንድ ላይ ሰብስቦ ያለ ሥራ ማስቀመጥ ጠባያቸውን ሊያባብስ እንደሚችል በጥናት ታይቷል፤ አንዱ ስለ ጥፋቱ ሲያወራ ሌላው ይስቃል፣ ያ ሳቅ ሽልማት ይሆናል። ለ10 ልጆች ቢያንስ ሁለት አዋቂ ያስፈልጋል፣ በዕረፍትና በምሳ ሰዓትም ጭምር፤ ሠራተኛ ከጎደለ ቁጥሩ ይቀነስ። እርስ በርስ ተደባድበው የታገዱ ሁለት ልጆችም በአንድ ሳምንት ወደ አንድ ክፍል ሊላኩ ስለሚችሉ፣ ከምዝገባ በፊት «ከማን ጋር ነው የተጣላኸው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ልዩ ትምህርት የሚያገኝና አይኢፒ (ለእሱ በግል የተዘጋጀ የትምህርት ዕቅድ) ያለው ልጅ ከመጣ ቀን መቁጠር ያስፈልጋል። በአንድ የትምህርት ዓመት እገዳው ከ10 ቀን ካለፈ አገልግሎቱ እንዲቀጥል የአገሪቱ የልዩ ትምህርት ሕግ ያዛል። እገዳው የምደባ ለውጥ ሲሆን፣ ማለትም ልጁን ከተመደበበት ትምህርት በረጅሙ የሚያርቅ ሲሆን ደግሞ፣ ውሳኔው በተሰጠ በ10 የትምህርት ቀን ውስጥ ጥፋቱ ልዩ ትምህርት ካስፈለገበት ጉዳቱ ጋር ይያያዝ እንደሆነ የሚመረምር ስብሰባ ይደረጋል። ልጁ የቀን ፕሮግራሙ ውስጥ መዋሉ ቆጠራውን አያቆመውም።

አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ብዙውን ጊዜ ነገሩን የሚሰሙት ከራሱ ከልጁ ነው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው፣ ስብሰባ ላይም ልጁ ያስተረጉማል። የራሱን ክስ እንዲያስተረጉም ልጅን ማስቀመጥ ለእሱም ለእናቱም ከባድ ነው፤ ደግሞም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የተነሣ ትምህርት ቤቶች ወላጅ በሚገባው ቋንቋ፣ በነጻ፣ ብቁ በሆነ አስተርጓሚ ማነጋገር አለባቸው። ጥያቄው ከስብሰባው ቀናት በፊት ይቅረብ። «አስተማሪው ካለ ልክ ነው» ብለው ዝም ለሚሉ አባትም መጠየቅ አለማክበር እንዳልሆነ ቀድሞ መንገር ይጠቅማል።

ልጁ የሚመለስበት ቀን ከመድረሱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የግማሽ ሰዓት ስብሰባ ይያዝ፤ ወላጅ፣ ልጁ፣ ምክትል ርእሰ መምህሩና ካውንስለሩ ይገኙ። ከዚያ የሚወጣው አንድ ገጽ ወረቀት የሚከተሉትን በስም ይመልስ፦ ጠዋት በር ላይ የሚቀበለው ማነው? ከተጣላው ልጅ ጋር በአንድ ክፍል ከሆኑ የሚዛወረው ማን ነው? ያልተሠራው ሥራ እስከ መቼ ይገባል? ሲናደድ የሚሄድበት ክፍል የትኛው ነው? «ጠባዩን ያሻሽላል» የሚል መስመር ማንንም ለምንም አያስገድድምና ይውጣ። አስተባባሪው በመጀመሪያው ቀን ማታ ለወላጅ፣ በአምስተኛው ቀን ለአገናኙ ሠራተኛ ይደውል፤ በወሩ መጨረሻም መገኘቱንና ማርኩን ይጠይቅ። ቀሪ ከበዛ ሌላ እገዳ ሳይመጣ ልጁን በሳምንት አንድ ከሰዓት መጥራት ይቻላል።