ጌታ፣ ጭሰኛ፣ መሃሉስ? የአየርላንድ ገጠር ሲነሳ የምንስታቸው ነገሮች

የአየርላንድ መሬት ሲነሳ ሁሌ የሚመጣው ሥዕል አንድ ነው፦ ላይ እንግሊዛዊ ጌታ፣ ታች ድንች በሊታ ጭሰኛ። 18ኛውን ክፍለ ዘመን ጠጋ ብሎ ላየ ግን መሃሉ በሰው የተጨናነቀ ነው። ከታች በጥቅስ ያሉት በተለምዶ የሚባሉት ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው መልሱ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ድሃውን የሚያስጨንቀው ጌታው ራሱ ነበር»

ጌታውና ድሃው ብዙ ጊዜ አይተዋወቁም። ጌታው ሰፊ መሬት ለአንድ ሰው ለረጅም ዓመት ያከራያል። ያ ሰው ቆራርሶ፣ ትርፍ ጨምሮበት ለሌሎች ይሰጣል። እነሱም በተራቸው ይሸነሽኑታል። ከሁሉም ታች ያለው ኮቲየር ይባላል። ጎጆና ቁራሽ የድንች ማሳ ያገኛል፤ ኪራዩን የሚከፍለው በአብዛኛው ለአንድ ገበሬ በጉልበቱ እየሠራ ነው። የሥራ ቀኑን የሚቆጥርበት ሰው እሁድ አብሮት የሚያስቀድስ ካቶሊክ ጎረቤቱ ሊሆን ይችላል። በ1776 አገሩን የዞረው እንግሊዛዊው የግብርና ጸሐፊ አርተር ያንግም መሃል ላይ የተቀመጡትን አከራዮች ክፉኛ ወርፏቸዋል።

«ካቶሊክ ሁሉ ድሃ ነበር»

ርስቱን መነጠቁ እውነት ነው። በ1641 ከመሬቱ 60 በመቶ ገደማ የካቶሊኮች ነበር፤ በ1703 ወደ 14 በመቶ ወረደ። የ1704ቱ ሕግ መሬት እንዳይገዙ፣ ከ31 ዓመት በላይም እንዳይከራዩ ከለከለ። አጭር ኪራይ ግን ክፍት ነበር። በደቡብ፣ በሙንስተር፣ ሰፊ ግጦሽ ተከራይተው በከብትና በቅቤ የደለቡ ካቶሊኮች ነበሩ።

«ረሃብ የመጣው በ1845 ነው»

በ1845 የጀመረው ታላቁ ረሃብ የታወቀ ነው፤ ከዚያ መቶ ዓመት በፊትም ግን ረሃብ ነበር። በ1740 መግቢያ ከባድ ውርጭ ድንቹን ከተቀበረበት አበላሸው። እስከ 1741 ረሃቡና በሽታው ከአሥር ሰው ከአንድ በላይ ፈጀ።

«ገበሬው ያመፀው በጌታው ላይ ነው»

በ1761 በደቡቡ የቲፐሬሪ አውራጃ ዋይትቦይስ («ነጭ ልጆች») የተባሉ ሰዎች ተነሱ። ሌሊት ከልብሳቸው በላይ ነጭ ሸሚዝ ይደርባሉ። (የኛ ነጭ ለባሽ ሽፍታ አሳዳጅ ነበር፤ የእነሱ ግን ራሱ ታዳኝ ነው።) የሚያፈርሱት የጋራ ግጦሽን የዘጋ አጥር ነበር፤ አጥሩን ያጠረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከብት አርቢው ተከራይ ነው። ሌላው ብሶታቸው አሥራት ነበር። ከ1735 ወዲህ የግጦሽ መሬት በተግባር ከአሥራት ነፃ ወጥቷል። በመቶ የሚቆጠር ከብት ያለው ሰው ለግጦሹ ምንም አይከፍልም። ጓሮው ድንች የተከለው ድሃ ግን ለድንቹ ይከፍላል፤ ያውም ለራሱ ላልሆነች፣ ለፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን።