የአይስላንድ የሴቶች ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን

የአይስላንድ ሕዝብ 400 ሺህ አይሞላም። የሴቶች ብሔራዊ ቡድኗ ግን ከ2009 ወዲህ ከአውሮፓ ዋንጫ ቀርቶ አያውቅም። 2009፣ 2013፣ 2017፣ 2022፣ 2025፤ አምስት ውድድር በተከታታይ። (እዚህ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የወንዶቹ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ለትልቅ ውድድር የበቃው በ2016 ነው። ያኔ ዓለም በሙሉ ስለ ወንዶቹ ጉድ ሲል፣ ሴቶቹ በሩን ከከፈቱት ሰባት ዓመት አልፎ ነበር።

ስለዚህ ቡድን ሲወራ «ተአምር» የሚለው ቃል አይጠፋም። እኔ ግን ተአምር ብሎ ማለፍ የሰዎቹን ልፋት ማሳነስ ይመስለኛል። ቡድኑ ሲያስቡበት አድጓል፣ ሲተዉት ደግሞ ጠፍቷል። ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል።

የአይስላንድ የሴቶች ሊግ የተጀመረው በ1972 ነው። ብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በመስከረም 1981 በስኮትላንዷ ኪልማርኖክ ከተማ ሲሆን 3 ለ 2 ተሸነፈ። ለጀማሪ ቡድን መጥፎ ውጤት አልነበረም። ዳሩ ግን በ1980ዎቹ መጨረሻ ፌዴሬሽኑ ቡድኑን በተነው። ለዓመታት አገሪቱ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን አልነበራትም። በጉልምስናቸው ጫፍ ላይ የነበሩ ተጫዋቾች ዕድሜያቸው በከንቱ አለፈ። ይህ ነገር በየታሪኩ ውስጥ በአንድ መስመር ነው የሚጠቀሰው፤ ለእነዚያ ሴቶች ግን ሙሉ የተጫዋችነት ዘመናቸው ነበር።

ቡድኑ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲመለስ ምን ያህል አቅም ተቀብሮ እንደነበር ወዲያው ታየ። በ1995ቱ የአውሮፓ ውድድር እስከ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ። እዚያ ላይ እንግሊዝ በደርሶ መልስ ሁለቱንም ጨዋታ 2 ለ 1 አሸንፋ አስቀረችው። ከተመለሰ ገና ጥቂት ዓመት ነው እኮ!

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2000ዎቹ ነው። አይስላንድ ረጅምና ጨለማ ክረምት ያለባት አገር ናት። ነፋሱ ኳስ አያስጫውትም፣ ሜዳው በረዶ ይሆናል። በ2000 ሬይክያኔስቤር ከተማ ውስጥ የመጀመሪያው ሙሉ መጠን ያለው ባለ ጣሪያ የኳስ ሜዳ ተከፈተ። ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። ሰው ሠራሽ ሳር ያላቸው ትናንሽ ሜዳዎች ደግሞ በየትምህርት ቤቱ አጠገብ ተዘረጉ። ልጆች ዓመቱን ሙሉ መጫወት ቻሉ።

ከሜዳው በላይ ግን አሠልጣኙ ነው ዋናው። እዚያ የስድስት ዓመት ሕፃንን የሚያሠለጥነውም ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ብዙዎቹም የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ፈቃድ አላቸው። ኳስ የምትወድ ልጅ የአንዱ ጎረቤት አባት በትርፍ ሰዓቱ እስኪያሯሩጣት አትጠብቅም። የምትሄደው ሠፈሯ ወዳለው ክለብ ነው። ክለቡ ወንዱንም ሴቷንም በአንድ ግቢ ያሠለጥናል። የልጆች ስፖርት ክፍያን ለማገዝ ከተሞች ለቤተሰብ ድጎማ ይሰጣሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ምንም የተደበቀ ምስጢር የለውም።

ይህን ሥርዓት በአንድ ቦታ ላይ ማየት የፈለገ በሐምሌ ወር ወደ ኮፓቮጉር ከተማ ይሂድ። ብሬይዳብሊክ የተባለው ክለብ ከ1985 ጀምሮ በየዓመቱ የልጃገረዶች ውድድር ያዘጋጃል። ሲማሞቲድ ይባላል። ከመላ አገሪቱ ከሁለት ሺህ በላይ ሕፃናት ተጫዋቾች ይመጣሉ። ለዚያች አገር ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም። ቡድኖቹ የክለባቸውን ማልያ ለብሰው በሰልፍ ይገባሉ። ከዚያ ለቀናት በትናንሽ ሜዳዎች ላይ ጨዋታው ይቀጥላል። ወላጅ ዳር ቆሞ ይጮኻል፣ ዝናብ ቢዘንብም የሚያቋርጥ የለም። የዛሬዎቹ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ያደጉት በእንዲህ ዓይነት ሜዳ ላይ ነው።

አሁን ወደ ተጫዋቾቹ ልምጣ። አይስላንዳውያን ሰውን የሚጠሩት በራሱ ስም ስለሆነ እኔም እንደዚያው እጠራቸዋለሁ።

ማርግሬት ላራ ቪዳርስዶቲር የቬስትማን ደሴቶች ልጅ ናት። በ2003 በመጀመሪያ ጨዋታዋ ተቀይራ ገብታ በደቂቃዎች ውስጥ አስቆጠረች። ጫማዋን ስትሰቅል በ124 ጨዋታ 79 ጎል ነበራት። በአገሪቱ ታሪክ፣ ወንድም ሴትም ሳይለይ፣ ለብሔራዊ ቡድን ይህን ያህል ያገባ የለም። በ2007 የአይስላንድ የዓመቱ ምርጥ ስፖርተኛ ተብላለች።

ቡድኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አውሮፓ ዋንጫ ያስገባው የእርሷ ትውልድ ነው። አሠልጣኙ ሲጉርዱር ራግናር ነበሩ። በጥቅምት 2008 መጨረሻ አየርላንድ ለመልስ ጨዋታ ሬይካቪክ መጣች። የመጀመሪያው ጨዋታ 1 ለ 1 አልቋል። ላውጋርዳልስቮሉር ስታዲየም ሜዳው በብርድ ደርቆ ያንሸራትታል። እንግዶቹ በሜዳው ተማርረው ነበር። አይስላንድ 3 ለ 0 አሸነፈች። በፊንላንዱ ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ ቢሸነፉም፣ ምድቡ ጀርመን፣ ኖርዌይና ፈረንሳይ ያሉበት ስለነበር ማንም አልፈረደባቸውም። በ2013 ስዊድን ላይ ግን ሆላንድን 1 ለ 0 ረትተው ሩብ ፍጻሜ ገቡ። እስካሁን ከዚያ የተሻለ ውጤት የላቸውም። ጎሏን ያገባችው ዳግኒ ብሪንያርስዶቲር ናት።

ዳግኒ በራሷ አንድ ምዕራፍ ይገባታል። እንደ ብዙ የአገሯ ልጆች በስኮላርሺፕ አሜሪካ ሄዳ ተማረች፣ ከፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2014 የኮሌጆችን ዋንጫ በላች። በኋላ ከባየርን ሙኒክ ጋር የጀርመንን፣ ከፖርትላንድ ቶርንስ ጋር የአሜሪካን ሊግ ዋንጫ አነሣች፤ ዌስትሃምንም በአምበልነት መርታለች። ልጅ ወልዳ ወደ ሜዳ ተመልሳለች። በጥቅምት 2017 አይስላንድ ጀርመንን በገዛ ሜዳዋ 3 ለ 2 ስታሸንፍ ሁለቱን ያስቆጠረችው እርሷ ናት።

ሳራ ብዮርክ ጉናርስዶቲር ደግሞ የቡድኑ አከርካሪ ነበረች። ከሃፍናርፍዮርዱር ተነሥታ በ16 ዓመቷ ለብሔራዊ ቡድን ተሰለፈች፤ 145 ጊዜ ተጫውታ በ2023 መጀመሪያ ተሰናበተች። በ2020 ከሊዮን ጋር በቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ የቀድሞ ክለቧ ቮልፍስቡርግ ላይ ጎል አግብታ ዋንጫውን ወሰደች። ከሜዳ ውጪ ያደረገችው ግን የበለጠ ሳይጠቅም አይቀርም። ነፍሰ ጡር በነበረችበት ጊዜ ክለቧ ሊዮን ደመወዟን በሙሉ አልከፈላትም። ጉዳዩን ይዛ ፊፋ ዘንድ ሄደች። ተፈረደላትም፤ ከ82 ሺህ ዩሮ በላይ እንዲከፈላት ተወሰነ። ፊፋ የወሊድ መብት ደንቡን ያወጣው በ2021 ገደማ ነበር። ደንብ ወረቀት ላይ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ትልቅ ክለብን ፊት ለፊት ገጥሞ ማስከበር ግን ሌላ ነው። ከእርሷ በኋላ የሚወልዱ ተጫዋቾች ይህንን ይዘው ይከራከራሉ።

መብት መጠየቅ በዚህ ቡድን አዲስ አይደለም። በ2018 ፌዴሬሽኑ ለወንዶቹና ለሴቶቹ ለውጤት የሚከፍለውን ጉርሻ እኩል አደረገ። በ2021 ደግሞ ፌዴሬሽኑ በወንድ ተጫዋቾች ላይ የቀረቡ የጥቃት ክሶችን የያዘበት መንገድ ቁጣ ቀስቅሶ ፕሬዚዳንቱና ቦርዱ ለቀቁ። በቦታው የተመረጠችው ቫንዳ ሲጉርገይርስዶቲር ናት። የብሔራዊ ቡድኑ አምበል የነበረች፣ በኋላም ያሠለጠነችው ሴት። በፌዴሬሽኑ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆና እስከ 2024 መርታለች።

የዓለም ዋንጫ ግን እሾህ ሆኖባቸው ቆይቷል። በመስከረም 2018 ቼክን ማሸነፍ ነበረባቸው። 1 ለ 1 እያለ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ፤ ሳራ ብዮርክ መታች፣ ግብ ጠባቂዋ አዳነችው። ከዚያ የባሰው በመስከረም 2022 ዩትሬክት ላይ የሆነው ነው። ከሆላንድ ጋር አቻ ቢወጡ በቀጥታ ወደ ዓለም ዋንጫ ያልፋሉ። ግብ ጠባቂዋ ሳንድራ ሲጉርዳርዶቲር ያን ምሽት የመጣውን ሁሉ ትመልስ ነበር። ዘጠና ደቂቃ አለቀ፣ 0 ለ 0። በባከነው ሰዓት ሦስተኛ ደቂቃ ላይ ኤስሜ ብሩክትስ ከግራ ያጠፈችው ኳስ ማንም ሳይነካው ሩቁ ጥግ ገባ። በቃ። በሚቀጥለው ወር በጥሎ ማለፉ ፖርቱጋል በጭማሪ 30 ደቂቃ 4 ለ 1 አሸነፈቻቸው። ይህንን ጨዋታ ያየ ሰው በቀላሉ አይረሳውም።

በዚያው ዓመት እንግሊዝ ላይ በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫም ሌላ ቁጭት ነበር። ከቤልጂየም፣ ከጣሊያንና ከፈረንሳይ ጋር ሦስቱንም ጨዋታ 1 ለ 1 ተለያይተው፣ ሳይሸነፉ ከምድቡ ሳያልፉ ቀሩ። ሁለቱን የተጫወቱት በማንችስተር ሲቲ የአካዳሚ ሜዳ ሲሆን ለውድድሩ የሚይዘው 4,700 ሰው ገደማ ነበር። ሳራ ብዮርክ ከውድድሩ በፊት ይህ ለሴቶች እግር ኳስ ክብር አለመስጠት ነው ብላ ተናግራለች። ትክክል ነበረች።

ከእርሷ በኋላ አምበልነቱን የያዘችው ግሎዲስ ፔርላ ቪጎስዶቲር ናት፤ የመሃል ተከላካይ፣ የባየርን ሙኒክም አምበል። ፊት ላይ ደግሞ የኬፍላቪኳ ልጅ ስቬንዲስ ያኔ ዮንስዶቲር አለች። እናቷ ጋናዊት ናቸው። ፍጥነቷ ይታወቃል። ነገር ግን ተጋጣሚን ይበልጥ የሚያስጨንቀው የእጅ ውርወራዋ ነው። ኳሱን በፎጣ ትጠርጋለች፣ ወደ ኋላ ሄዳ ትንደረደራለች፤ ኳሱ ግብ ክልል ውስጥ ልክ እንደ ማዕዘን ምት ይወርዳል። ከግማሽ ሜዳ በላይ የተገኘ ውርወራ ሁሉ አደጋ ነው። በታኅሣሥ 2024 ለቮልፍስቡርግ ተቀይራ ገብታ ሮማ ላይ አራት ጎል አግብታለች።

ሐምሌ 12 ቀን 2024 ጀርመን ሬይካቪክ መጣች። ከማዕዘን ምት ኢንጊብዮርግ በጭንቅላት አስቆጠረች። ከእረፍት መልስ ስቬንዲስ ለአሌክሳንድራ አመቻቸች፣ ሁለት። በመጨረሻ ስቬንዲስ ራሷ ጨመረች። 3 ለ 0፤ የ2025 ትኬት ተቆረጠ። በአሠልጣኝ ቶርስቴይን ሃልዶርሰን ዘመን እንደዚህ ያለ ምሽት አልነበረም።

ስዊዘርላንድ ላይ ግን አልቀናቸውም። ፊንላንድ 1 ለ 0፣ አዘጋጇ ስዊዘርላንድ 2 ለ 0፣ ኖርዌይ 4 ለ 3። ሦስት ሽንፈት። ግሎዲስ በመጀመሪያው ጨዋታ ታማ በእረፍት ሰዓት ወጥታ ነበር። ትንሽ አገር ችግሯ እዚህ ላይ ይታያል፤ አንዲት ተጫዋች ስትጎድል የምትተካት ሌላ ግሎዲስ የለችም።

ላውጋርዳልስቮሉርም በመጨረሻ ተለወጠ። ከ10 ሺህ ያነሰ ወንበር ያለው ይህ አሮጌ ስታዲየም ለአሥርተ ዓመታት በተፈጥሮ ሳር ብቻ ሲያገለግል ኖሯል፤ በመኸር መጨረሻ ሜዳው ሲደርቅ የ2008ቱን ዓይነት ጨዋታ ያስተናግድ ነበር። በ2025 ከሥር ማሞቂያ ያለው፣ የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ ቅይጥ የሆነ ሳር ተነጠፈበት። ሥራው እስኪያልቅ ሴቶቹ በሚያዝያ ኖርዌይንና ስዊዘርላንድን ያስተናገዱት በጎረቤት ክለብ ሜዳ ላይ ነው። በሰኔ መጀመሪያ አዲሱ ሳር ላይ የመጀመሪያውን ጨዋታ ያደረገው የሴቶቹ ቡድን ሲሆን፣ ተጋጣሚው ፈረንሳይ ነበረች።