ስለ ሸካርፓራ የሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮችና እውነታው

ሸካርፓራ ከፉርኖ ዱቄት፣ ከስኳርና ከቅቤ ተለውሶ፣ ተዳምጦ፣ በሰያፍ ተቆራርጦ በዘይት የሚጠበስ የህንዶች የሻይ ጣፋጭ ነው። በምዕራብ ህንድ ባለችው ማሃራሽትራ ግዛት ሻንካርፓሊ ይሉታል፤ ዲዋሊ ለሚባለው የሂንዱዎች የብርሃን በዓል አስቀድሞ በብዛት ተጠብሶ ይቀመጥና እንግዳ ሲመጣ ከሻይ ጋር ይቀርባል። ዳቦ ቆሎ የለመደ እጅ አይከብደውም። ሆኖም ብዙ ጊዜ እቤት ሲሞከር ወይ ድንጋይ ይሆናል፣ ወይ በማግስቱ ይልፈሰፈሳል።

«ዘይቱ በደንብ ካልጋለ አይንኮሻኮሽም»

ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። በጣም የጋለ ዘይት ውስጥ የገባ ሸካርፓራ ወዲያው ቡናማ ይሆናል፣ ያምራልም፤ ውስጡ ግን ገና ሊጥ ነው። ውስጥ የቀረው እርጥበት ሲያድር ወደ ውጭ እየወጣ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል። የሚፈለገው ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ አንድ ቁራጭ ጣል አድርጉ። ተንጫጭቶ ወዲያው ብቅ ካለ እሳቱ በዝቷል፤ ከታች ጥቂት ቆይቶ፣ ዙሪያውን ትንንሽ አረፋ እያወጣ ቀስ ብሎ ከተንሳፈፈ ልክ ነው። አንዱ ዙር 8 ወይም 10 ደቂቃ ቢፈጅ አትቸኩሉ።

ከዘይት ከወጣ በኋላም በራሱ ሙቀት ትንሽ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ፈዘዝ ያለ ወርቃማ ሲሆን አውጡት። ትኩስ እያለ ለስላሳ ነው። «አልበሰለም» ብሎ መልሶ መክተት አያስፈልግም፤ የሚደርቀው ሲቀዘቅዝ ነው።

«ቅቤ በበዛ ቁጥር ይሻላል»

እስከ ልኩ ድረስ እውነት ነው። ቅቤው ዱቄቱን ስለሚሸፍነው ሊጡ እንደ ዳቦ ሊጥ አይለጠጥም፤ አፍ ውስጥ ፍርክስክስ የሚለውም ለዚህ ነው። ካለፈ ግን ቁራጮቹ ዘይት ውስጥ ይበተናሉ። ብዙ የማሃራሽትራ ቤቶች የሚከተሉት ልኬት ቀላል ነው፦ ወተት፣ ስኳርና የቀለጠ ቅቤ እኩል እኩል፣ ዱቄት ደግሞ ሊጡ እስኪይዝ። ከእያንዳንዳቸው ግማሽ ኩባያ ብትወስዱ ዱቄቱ 2 ኩባያ ተኩል አካባቢ ይሆናል። መጀመሪያ አንድ ብቻ ጠብሳችሁ እዩ፤ ከተበተነ ሊጡ ላይ ጥቂት ዱቄት ጨምሩ።

«ንጥር ቅቤያችን ይተካዋል»

አይተካውም። ህንዶቹም ቅቤ ያነጥራሉ፣ ግን ኮሰረትና በሶብላ አይጨምሩበትም። የእኛን ከስኳር ጋር ስትጠብሱት ሻዩ ላይ የወጥ ሽታ ይመጣል፤ እኔ በበኩሌ አልወደውም። ምንም ቅመም ሳይገባበት የተነጠረ ይሁን። ለመዓዛው የሚገባውም ሄል ነው፤ ኮረሪማ ሌላ ጣዕም ነው።

«በደንብ መታሸት አለበት»፣ «ሶዳ ያስፈልገዋል»

ሁለቱም ከዳቦና ከቦምቦሊኖ የመጡ ልማዶች ናቸው። ሊጡ ተሰብስቦ ከተያያዘ ይበቃል፤ ብዙ ከታሸ ጥርስ ይሰብራል። ሶዳ ባሉሻሂ ለሚባለው ሌላ የህንድ ጣፋጭ ይገባል፤ ሸካርፓራ ላይ ሲበዛ ግን ዘይት ያስጠጣል።

«ከላይ ስኳር ካልለበሰ ሸካርፓራ አይደለም»

የማሃራሽትራው ስኳሩ ሊጡ ውስጥ ነው። በሰሜን ህንድ ግን ስኳር የሌለው ሊጥ ተጠብሶ፣ በኋላ በወፍራም ሽሮፕ ተለውሶ ነጭ ሽፋን እስኪያወጣ ይታሻል። ይህን የምትሞክሩ አዲስ አበባ ከሆነ፣ የምግብ አሠራሮች የሚጽፉትን የሽሮፕ ዲግሪ እንዳለ አትከተሉ። ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው፤ በባሕር ጠረፍ የተለካውን ቁጥር ስትጠብቁ ሽሮፑ ከመጠን በላይ ይወፍራል። በጣታችሁ ፈትኑ፦ ጠብታውን ቀዝቀዝ አድርጋችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ስትስቡት ሁለት ቀጭን ክር ከሠራ ደርሷል።

«ትኩሱን ከከደኑት አይለሰልስም»

እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይወርድበታል። ሰፋ ባለ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ አየር በማያስገባ ዕቃ ከተከደነ ሁለት ሳምንት አካባቢ እንደተንኮሻኮሸ ይቆያል።