ባላባትነት በዘር፣ ማዕረግ በሹመት

«ባላባት» የሚለው ቃል ሲፈታ «ባለ አባት» ይሆናል። አባት የሌለው ማን አለ? ቃሉ ግን ስሙ ሲነሳ አገር የሚያውቀው አባት ያለውን ሰው ነው የሚለው። ከዚህ ተነስቶ ብዙ ሰው ማዕረግም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር ብሎ ያስባል። በኢትዮጵያ ግን ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። የራስ ልጅ ራስ ሆኖ አይወለድም። ስሙ ላይ «ልጅ» ይቀጠልለትና ሹመቱን ይጠብቃል።

ማዕረጎቹ ራሳቸው ከጦር ሜዳ የመጡ ናቸው። ፊታውራሪ የፊተኛውን ጦር የሚመራ ነው። ቀኛዝማች የቀኙን፣ ግራዝማች የግራውን ክንፍ ያዛል። ደጃዝማችና ራስ ከእነሱ በላይ ናቸው። ሥራ ስለሆነ ንጉሡ ይሰጣል፣ ንጉሡ ይነሳል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

በወጉ መሳፍንት የሚባሉት ከነገሥታት ዘር የሚወለዱት ናቸው። መኳንንቱ ደግሞ በሹመት የከበሩት ናቸው። በተግባር ሁለቱ በጋብቻ ተደባልቀዋል።

ለዚህ ከልጅ ተፈሪ፣ ከኋላው አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አባታቸው ራስ መኮንን የሐረር ገዢና የአፄ ምኒልክ የአክስት ልጅ ነበሩ። በመጋቢት 1898 ቁልቢ ላይ ሲያርፉ ተፈሪ ገና በ13 ዓመታቸው የደጃዝማችነት ማዕረግ አግኝተው ነበር። ሐረር ግን ለእሳቸው አልተሰጠም። የተሾመው ታላቅ ወንድማቸው ደጃዝማች ይልማ ነው። ይልማ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ያኔም ግዛቱ ለደጃዝማች ባልቻ ተሰጠ። ተፈሪ የአባታቸውን አገር ያገኙት በ1902 ነው። ራስ የተባሉት ደግሞ መስከረም 1909 አልጋ ወራሽ ሲሆኑ ነው።

ባልቻን ልብ በሉልኝ። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ቤተ መንግሥት ያደጉ ሰው ናቸው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም፣ «አባ መላ»፣ እንዲሁ ምርኮኛ ነበሩ። የጦር ሚኒስትር ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው ከአገሪቱ ኃያላን አንዱ ነበሩ። ማዕረጋቸው ግን ያው ፊታውራሪ ነበር፤ ራስ የሚባሉት ሁሉ ይፈሯቸው ነበር።

ያም ሆኖ ዘር ዋጋ አልነበረውም ማለት ሞኝነት ነው። ርስት ይወረሳል፤ ለወንዱም ለሴቷም ይደርሳል። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለ የዘር ሐረግ የሚቆጠረው በቃል ነው። በእናት በኩልም ይቆጠራል። ልጅ እያሱ ለምኒልክ የልጅ ልጅ የሆኑት በእናታቸው በሸዋረጋ በኩል ነው። ተፈሪም ከሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የሚደርሱት በአያታቸው በተናኘወርቅ ነው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ዙፋኑን በዚሁ ሐረግ ላይ አጥሮታል።

ለየት ያሉም ነበሩ። የዋግሹምነት፣ ማለትም የዋግ ገዢነት፣ ማዕረግ ከዛጉዌ ነገሥታት እንመጣለን በሚል አንድ ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። በትግራይም ራስ ሥዩም በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ሲገደሉ ግዛቱን የያዙት ልጃቸው መንገሻ ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ በአፄው ተሹመው ነው።

ነገሩ ያበቃው በ1967 ነው። የካቲት 25 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። በመጋቢት ደግሞ ደርግ ዘውዱንና ማዕረጎቹን ሻረ። ስሞቹ ግን በሌላ መንገድ ቀሩ። «ወይዘሮ» ድሮ የመሳፍንት ሴት ልጆች መጠሪያ ነበር። ዛሬ ማንኛዋም ያገባች ሴት ቀበሌ ሄዳ ፎርም ስትሞላ ስሟ ፊት የምትጽፈው እሱን ነው።