ለነፍሰ ጡር ሴት ከሚሰጡ ምክሮች መካከል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሱሉልታ፣ በለገጣፎና በሰበታ ዙሪያ ነፍሰ ጡር ሴት መካሪ አታጣም፤ አማቷም ጎረቤቷም ለእሷው በማሰብ “ይህን አትብዪ” ይሏታል። ከእነዚህ ምክሮች አንዳንዶቹ ግን እናትንም ልጅንም የሚጎዱ ናቸው።

“ብዙ ከበላሽ ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይጠናብሻል።”

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ፍርሃቱ ከእውነተኛ ሥጋት የመነጨ በመሆኑ በቀላሉ አይለቅም። ምጥ የሚጠናው ግን በአብዛኛው የእናቲቱ ዳሌ ሲጠብ፣ የጽንሱ አቀማመጥ ሲዛባ ወይም ማህፀኗ በሚገባ ሳይኮማተር ሲቀር ነው፤ ምግብ መቀነስ ከእነዚህ አንዱንም አያስተካክልም። ይልቁንም እናቲቱ ደም ያንሳታል፣ አቅም ታጣለች፣ ልጇም ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች ሆኖ ሊወለድና ለበሽታ ሊጋለጥ ይችላል። ለጠና ምጥ መፍትሔው የእርግዝና ክትትል ማድረግና በጤና ተቋም መውለድ ነው። በእርግዝና ጊዜ ከወትሮው በተጨማሪ በቀን አንድ ጊዜ መመገብ ይመከራል። “ለሁለት ሰው ብዪ” የሚለውም ቢሆን ልክ አይደለም፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት እንኳ የሚያስፈልገው ጭማሪ በቀን 450 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው።

“ወተት፣ ሙዝና ተልባ በልጁ ገላ ላይ ይለጠፋል።”

ማለዳ ላሟን አልባ ወተቱን ለሰብሳቢ የምታስረክብ ነፍሰ ጡር ለራሷ አንድ ብርጭቆ እንኳ የማታስቀረው ሁልጊዜ ገንዘቡን ፈልጋ ብቻ አይደለም፤ ይህን ሰምታ ፈርታም ይሆናል። በአራስ ሕፃን ገላ ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት የሚሠራው ከራሱ ከሕፃኑ ቆዳ ሲሆን፣ በእንሽርት ውኃ ውስጥ ሳለ ቆዳውን ይጠብቅለታል። እናቲቱ የጠጣችው ወተት ተፈጭቶ ወደ ደሟ ስለሚገባ ወተት እንደሆነ ልጁ ዘንድ አይደርስም። መጠንቀቅ የሚገባው ያልፈላ ወተትንና ጥሬ ሥጋን ነው፤ ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስን፣ ጥሬ ሥጋ ደግሞ ቶክሶፕላዝሞሲስን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ሁለቱም በሽታዎች ጽንሱን ይጎዳሉ።

“የጤፍ እንጀራ የምትበላ ሴት ደም አያንሳትም።”

ጤፍ ብረት አለው፤ ሆኖም ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ሲሆን፣ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገርም ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ሊጡ በሚገባ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ከምስር ወጡ ጋር ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ መጨመርም ይረዳል። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ስለሚያግዱ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የአይረን (ብረት) እና ፎሊክ አሲድ እንክብል አይቀርም። ሰገራ ቢያጠቁር አያስደንግጥ፤ የብረቱ ቀለም ነው። ካቅለሸለሸ ማታ ከመኝታ በፊት መውሰድ ይቻላል።

“ፎሊክ አሲድ ከተረገዘ በኋላ ይደርሳል።”

ፎሊክ አሲድ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው የጽንሱ ክፍል በሚገባ እንዲዘጋ የሚረዳ ቫይታሚን ነው፤ ይህ ክፍል የሚዘጋው ደግሞ በተፀነሰ በ28 ቀናት ውስጥ፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ ነው። ስለዚህ ለመውለድ ያሰበች ሴት በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ መውሰድ የምትጀምረው ከማርገዟ አስቀድማ ነው፤ ቀደም ሲል የሕብለ ሰረሰር ክፍተት ያለበት ልጅ የወለደች ከሆነች ግን ከፍ ያለ መጠን ስለሚያስፈልጋት ከማርገዟ በፊት ሐኪም ታማክር።