ማድፈጫ ምንድን ነው?

ማድፈጫ ማለት አዳኝ፣ ፎቶግራፍ አንሺ ወይም ተመራማሪ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ራሱን ሰውሮ የዱር እንስሳ የሚጠብቅበት መጠለያ ነው። ባለ ነጭ ጅራቱን አጋዘን የሚያድኑ አሜሪካውያን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሙት ተጣጥፎ የሚያዝ፣ መስኮቶች ያሉት ትንሽ ድንኳን ነው፤ ከቅርንጫፍና ከሣር ብቻ የሚሠራም አለ። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ለምሳሌ በወጨጫ ተራራ ላይ በሚገኘው በመናገሻ ሱባ ደን፣ በማድፈጫ የሚጠበቀው የምኒልክ ድኩላ ነው፤ እሱም ለካሜራ ብቻ መሆን አለበት። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው።

ጀማሪዎች አብዝተው የሚጨነቁት ስለ ጨርቁ ቀለም ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ሊታሰብበት የሚገባው ነፋስ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም አጋዘንም ሆነ ድኩላ ያየውን ነገር ቆም ብሎ ሊያጣራ ይችል ይሆናል፣ የሰው ጠረን ከሸተተው ግን ወዲያው ይሸሻል። እንደ ወጨጫና እንጦጦ ባለ ተዳፋት ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ ኃይለኛ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ፀሐይ መሬቱን ማሞቅ ስትጀምር አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ስለዚህ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ የሚጠብቅ ሰው እንስሳው ከሚያልፍበት ዱካ በላይ፣ አመሻሽ ላይ የሚጠብቅ ግን ከዱካው በታች መቀመጥ ይኖርበታል። ጥቂት አመድ በጣት ቆንጥሮ መበተን የአየሩን አካሄድ በግልጽ ያሳያል። በክረምት፣ ደመናው ሲከብድ፣ ይህ የአየር እንቅስቃሴ ስለሚዳከም የዕለቱን ነፋስ መከተል ይሻላል።

ከዚያ ቀጥሎ ዓይን ይመጣል። ባለ ነጭ ጅራቱ አጋዘን ሰማያዊን በደንብ ሲያይ ብርቱካናማን ከአረንጓዴ ለመለየት ይቸገራል፤ አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች አዳኙ ብቻ ሳይሆን ማድፈጫውም ብርቱካናማ ጨርቅ እንዲደረግበት የሚያስገድዱት እንስሳው ሳይበረግግ ሌሎች አዳኞች እንዲያዩትና በስሕተት እንዳይተኩሱበት ነው። እንስሳውን የሚያስደነብረው በዋናነት እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ በስተኋላ ያሉት መስኮቶች ተዘግተው ውስጡ መጨለም፣ ተቀማጩም ጥቁር ልብስ መልበስ አለበት። ከኋላ ብርሃን ከገባ የሰውየው ቅርጽ ጎልቶ ይታያል። ወለሉም ከደረቅ ቅጠልና ከጭራሮ መጽዳት አለበት።

አዲስ ድንኳን በድንገት የበቀለ ነገር ስለሚመስል፣ እንስሳቱ እስኪለምዱት ድረስ አስቀድሞ ተተክሎ መቆየቱ ይመከራል፤ ዙሪያውንም በአካባቢው ቅጠል መሸፈን ያስፈልጋል። በሱባ ደን ግን ለዚህ ሲባል የጥድ፣ የኮሶ ወይም የአስታ ቅርንጫፍ መቁረጥ ፈጽሞ አይገባም፤ በነፋስ የወደቀው ይበቃል። እረኛና እንጨት ለቃሚ በሚመላለስበት ጫካ ድንኳን ተክሎ መሄድም ስለሚያስቸግር፣ ከወደቀ ትልቅ ግንድ ጀርባ ተቀምጦ ከፊት ጥቁር መረብ መጋረድን እመርጣለሁ።